መብራት ሲመጣ ብቻውን ማይነሳ ማሽን

የማሽን መቆጣጠሪያ ፓናል ሊያሰራ ሚመጣ ሰው ስለ ኮንታክተሩ (ለሞተሩ መብራት ሚያገናኘውና ሚቆርጠው ዕቃ) ብራንድ ግማሽ ቀን ይከራከራችኋል፣ ሽናይደር ይሁን ኤልኤስ ይሁን ወይስ ቺንት ይበቃል፣ ብሬከሩ ስንት አምፔር ነው፣ ኬብሉ ስንት ካሬ ነው፣ ላሜራው አልሳሳም ወይ... ማስነሻና ማቆሚያ በተኑ ጋ ስንደርስ ግን "እሱን ያገኘኸውን አድርግበት በቃ" ነው። ብሩ እዛ ጋ ሲደርስ አልቋል። ሚገርመኝ ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ሚያሰራው ልጅ ኮንታክተሩን በህይወቱ አይቶት አያውቅም፣ እጁ ያለው አረንጓዴዋና ቀይዋ ላይ ነው፣ አደጋ ሲመጣም መጀመሪያ ሮጦ ሚመታው እነሱን ነው። ስለዚ ዛሬ ስለ ፑሽ በተን ብቻ ልጽፍ ነው፣ ይረዝማል፣ ቡና አስፈሉ።

ለማታውቁኝ፣ ስራዬ ኮንትሮል ፓናል መስራትና መጠገን ነው፣ አብዛኛው ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ አልፎ አልፎ የውሃ ፓምፕ። ትልልቁ ፋብሪካ የራሱ ኤሌክትሪሽያን ስላለው እኔ ጋ አይመጣም። ማወራው ስለ ትንንሾቹ ነው፣ ሶስት ፌዝ 380 ቮልት አስገብተው አንድ ሁለት ዲናሞ ስለሚያዞሩት።

ፑሽ በተን ስል ሞመንታሪ ሚባለውን ነው፣ ስትጫኑት ይገናኛል፣ ስትለቁት ውስጡ ያለው ሞላ መልሶ ይገፋዋል፣ አለቀ። የበር ደወል ማለት ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ፓናል ላይ ምናዞረው ሴሌክተር ግን ባስቀመጥነው ቦታ ይቀራል፣ እስክንመልሰው ድረስ። ልዩነቱ ይቺ ናት፣ ስታዩዋት ምንም አትመስልም፣ ግን የብዙ ሰው ጣት የቀረውና ያልቀረው በዚች ልዩነት ነው።

አዲስ ልጅ አብሮኝ መስራት ሲጀምር ሁሌ አንድ ጥያቄ አለችው፣ "ታዲያ ጣቴን ሳነሳ ሞተሩ ለምን አብሮ አይቆምም?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ማይጠይቀው ልጅ ነው ሚያሳስበኝ። መልሱ በተኑ ውስጥ የለም፣ ኮንታክተሩ ጋ ነው ያለው። መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት፣ ፌዙ ከኮንትሮል ፊውዝ ይወጣና መጀመሪያ ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ መስመሩን ሚቆርጠው) ላይ 95 እና 96 ውስጥ ያልፋል፣ ከዛ ቀይዋ በተን ውስጥ፣ እሷ ሳትነካ ዝግ ናት፣ ኤንሲ ምንላት፣ ከዛ አረንጓዴዋ ውስጥ፣ እሷ ደሞ ሳትነካ ክፍት ናት፣ ኤንኦ፣ ከዛ ኮይሉ (ኮንታክተሩን ስቦ ሚያስይዘው ጥቅል ሽቦ) ኤ1 ላይ ይደርሳል፣ ኤ2 ኒውትራል ነው። አረንጓዴዋን ስትጫኑ ኮይሉ ሃይል ያገኝና ኮንታክተሩ ጧ ብሎ ይይዛል፣ ሲይዝ ሞተሩን ብቻ አይደለም ሚያገናኘው፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ኦክዚለሪም ይዘጋታል፣ እሷ ደግሞ ከአረንጓዴዋ በተን ጋር ፓራለል ታስራለች። አሁን ጣታችሁን አንሱ፣ መንገዱ በሷ በኩል ይቀጥላል፣ ኮንታክተሩ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። ሆልዲንግ ምንለው ይሄ ነው። ጀማሪ ልጆች ግራ ሚጋቡት በተኑም ላይ 13 14፣ ኮንታክተሩም ላይ 13 14 ተብሎ ስለተጻፈ ነው፣ የሁለቱም ቁጥር አንድ የሆነው ሁለቱም ኤንኦ ስለሆኑ ነው፣ መጨረሻው 3 እና 4 ከሆነ ኤንኦ፣ 1 እና 2 ከሆነ ኤንሲ፣ አብዛኛው በተንና ኮንታክተር ላይ ይሄን ካወቃችሁ ካታሎግ ባይኖርም ትሰራላችሁ።

አሁን መብራት ይሂድ። ኮይሉ ሃይል ያጣል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ኦክዚለሪዋ ትከፈታለች። መብራት ሲመጣስ? ምንም። አረንጓዴዋ ክፍት፣ ኦክዚለሪዋ ክፍት፣ ኮይሉ ጋ ሚደርስ መንገድ የለም፣ ማሽኑ ሰው መጥቶ እስኪጫነው ይጠብቃል። ለዚ ተብሎ የተገዛ ሌላ ዕቃ የለም፣ በተኗ ቦታዋ ላይ ስላልቀረችና ሆልዲንጉ ስለተለቀቀ ብቻ የመጣ ነው፣ በነጻ ማለት ይቻላል።

በሴሌክተር ወይም በብሬከር ብቻ ሚሰራ እንጨት ቤት ደግሞ አስቡ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰራተኛው ማጥፋቱን ይረሳል፣ ማንም ይረሳል፣ ወጥቶ ሻይ ይጠጣል ወይም ደግሞ ጊዜ ተገኘ ብሎ የመጋዙን ምላጭ ሊያጸዳ እጁን ይከታል። ከዛ ሰፈሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ሲጮህ መጋዙም አብሮ ይነሳል። ይሄን ታሪክ በተለያየ ሰፈር በተለያየ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ሚነግሩኝ ሰዎች እጃቸውን እያሳዩኝ ነው። እኛ አገር መብራት መሄዱ ብርቅ ስላልሆነ ይሄ ነገር ለኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል፣ መብራት በአመት አንዴ ሚጠፋበት አገር ያለ ሰው ምናልባት ላያሳስበው ይችላል።

ሌላም አለው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከረንት 5፣ 6፣ 7 እጥፍ ይስባል፣ መብራት ሲመጣ በአንድ ትራንስፎርመር ስር ያሉት ማሽኖች ሁሉ ባንዴ ቢነሱ ቮልቴጁ እንዴት እንደሚወርድ አስቡት። በፑሽ በተን ሚሰራው ግን ሰው በሰው ተራ በተራ ነው ሚነሳው። ኦቨርሎዱም ላይ እንደዛው ነው፣ ሪሴቱን ኦቶ ላይ ያደረገ ሰው ብዙ ነው፣ ሴሌክተር ካለው ሞተሩ ግሎ ይቆምና ሲበርድ ራሱ ይነሳል፣ ሆልዲንግ ያለው ግን ቢበርድም ሰው ካልነካው አይነሳም።

የናንተን ማሽን መፈተን ቀላል ነው፣ ያለ ጭነት እየሰራ እያለ ሰው ሁሉ ራቅ ይበልና ሜይኑን አውርዱት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ መልሳችሁ አንሱት። ብቻውን ከተነሳ ኤሌክትሪሽያን መጥራት አለባችሁ።

አንድ ወፍጮ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የተጠራሁት ለሌላ ነገር ነበር፣ ቤልት ጩኸት ይሁን ምን አሁን አላስታውስም፣ ብቻ ፓናሉ ጋ ስሄድ አረንጓዴዋ በተን ውስጥ ተጭና ቀርታለች፣ ጠጋ ብዬ ሳይ ከቀለበቱና ከበተኑ መሃል የክብሪት እንጨት ተሰንቅሯል፣ አንድም አይደለም ተደራርቦ፣ ላዩ ላይ ዱቄቱ ጠንክሮ እንደ ፑቲ ሆኗል፣ ስለዚ የቆየ ነገር ነው። ባለቤቷን "እትዬ ይሄ ምንድነው?" አልኳቸው። "አይ ልጄ፣ ካልተጫንሽኝ አልሰራም ስትል ልጁ እንዲያ አደረገልኝ፣ ጎበዝ ልጅ ነው" አሉኝ። ልጁም ቆሞ ፈገግ ይላል። "ሲያጠፉትስ?" ስል በኩራት ብሬከሩን አሳየኝ። ቀይዋን ለምን አትነካም ስለው "እሷ አትሰራም፣ ስትለቃት መልሶ ይነሳል" አለኝ።

እንግዲህ ይሄን ቁጭ ብላችሁ አስቡት፣ ቀይዋ በደንብ ትሰራለች፣ ስትጫኗት መስመሩን ትቆርጣለች፣ ግን አረንጓዴዋ ተሰንቅራ ስለቀረች ቀይዋን እንደለቀቃችሁ መስመሩ እንደገና ሙሉ ይሆናል። ስታርትም ስቶፕም በአንድ ክብሪት እንጨት ሞተዋል ማለት ነው፣ መብራት ሲመጣ ብቻውን መነሳቱ ደግሞ ሳይጨመር። ምክንያቱ ደሞ አንድ ነገር ነው፣ የኮንታክተሩ ኦክዚለሪ ተቃጥሎ አይገናኝም። በተኗ ምንም አልሆነችም ነበር። ኦክዚለሪ ብሎክ ከመርካቶ አስመጣሁ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ገጭ ተደርጎ ሚገባ ነገር ነው፣ ሁለት ዋየር አዘዋወርኩ፣ በተኗን ደሞ ቀየርኳት ምክንያቱም ሞላዋ ያን ሁሉ ጊዜ ተጨምቆ ከርሞ ላምነው አልቻልኩም።

ኦክዚለሪው ለምን ተቃጠለ ካላችሁ፣ እኔ ማስበው ቮልቴጅ ነው። 220 የተጻፈበት ኮይል እስከ 85 በመቶ፣ ማለትም 187 ቮልት አካባቢ ድረስ በደንብ እንዲይዝ ተደርጎ ነው ሚሰራው፣ ከዛ ከወረደ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያን ርርርር ሚል ድምጽ ሰምታችሁታል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ ወፍጮ ማስነሳት ማለት ይሄ ነው። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኮንታክቶቹ ብልጭ ብልጭ እያሉ ይበላሉ፣ ትንሿ ኦክዚለሪ ደሞ ቀድማ ትሄዳለች።

ስለዚ "በተኑ አይዝም" ብሎ ሚደውል ደምበኛ ካላችሁ በተን ይዛችሁ አትሂዱ። ስትጫኑት ተነስቶ ስትለቁት ሚቆም ከሆነ ስታርት በተኑ ጤነኛ ነው፣ ሆልዲንጉን እዩ። ስትጫኑት ጭራሽ ምንም ካላለ ነው ፊውዙን፣ ኦቨርሎዱን፣ ቀይዋን፣ ከዛ አረንጓዴዋን በተራ ምታዩት። ሜይኑን አጥፍታችሁ፣ በቴስተር አረጋግጣችሁ፣ የበተኑን ዋየር ከአንድ በኩል ፈታ አድርጋችሁ መልቲሜትሩን ቢፕ ላይ አድርጉት፣ ቀይዋ ሳትነካ ቢፕ ማለት አለባት ስትጫኗት ዝም፣ አረንጓዴዋ በተቃራኒው። ዋየሩን ሳይፈቱ ሚለኩ ልጆች በኮይሉ በኩል ዞሮ በሚመጣ መንገድ ይሸወዳሉ።

ወደ ዱቄቱ ልመለስ ምክንያቱም ወፍጮ ቤት ላይ ክብሪት ማንም ሳይሰነቅር ዱቄቱ ራሱ ይሰነቅራል። በበተኑና በቀለበቱ መሃል ያለችው ክፍተት ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ላይ እርጥበት ሲነካው ሊጥ ይሆናል፣ ሲደርቅ ሞላው መግፋት ያቅተዋል። ያኔ በተኗ ተጭና ትቀራለች፣ ሞመንታሪ ተብላ የተገዛችው ዕቃ ማብሪያ ማጥፊያ ሆነች ማለት ነው። ለዚህ ነው አይፒ 65 የተጻፈበትን ፈልጉ ምለው፣ አይፒ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል ሚናገር ቁጥር ነው፣ የመጀመሪያዋ 6 አቧራ አይገባም ማለት ነው። ላዩ ላይ የጎማ ቆብ ያለውም አለ፣ ለወፍጮና ለብሎኬት ቤት እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አንዳንዱ ሰው "ያስጠላል" ይላል፣ ምን እናድርግ።

አይፒውን ግን ራሳችን እናበላሸዋለን። የኛ አገር ፓናል ላይ አብዛኛው በተን 22 ሚሊሜትር ሚባለው ነው፣ ቀዳዳው 22 ተኩል አካባቢ ነው። ትክክለኛ መብሻ የሌለው ልጅ በትራፓኖ ዙሪያውን እየነደለ በሞረድ ያሰፋዋል፣ ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል፣ የላሜራው ጠርዝ ጎማዋን ይቆርጣታል፣ ወይ ደሞ ጎማዋን "ትርፍ ናት" ብሎ ይጥላታል። አንድ የአሜሪካ ማሽን ስጠግን ደግሞ 22ቱ በተን ቀዳዳው ውስጥ ወድቆ ገባ፣ እነሱ ጋ 30 ሚሊሜትሩ የተለመደ ነው፣ ላሜራ ቆርጬ ማጥበቢያ ሰርቼ ነው የገጠምኩት። ብዙ በተን ምትደረድሩ ከሆነ ጎን ለጎን 30 ላይና ታች 40 ሚሊሜትር ከመሃል መሃል ስጡት፣ ካልሆነ ከኋላ ብሎኮቹ ይገፋፋሉ፣ ጓንት ያደረገ ሰውም ሁለቱን ባንዴ ይጫናል።

ቀይዋ ለምን ኤንሲ ሆነች ሚለውም ብዙ ያከራክራል። አንዳንድ ሰው ስቶፑን በኤንኦ በሪሌይ (ትንሽዬ ኮንታክተር በሉት) አዙሮ ይሰራዋል፣ ይሰራል፣ ምንም አይልም፣ ሲጫኑት ይቆማል። ችግሩ የስቶፑ ዋየር አይጥ የቆረጠው ቀን ነው። ኤንሲ ከሆነ ዋየሩ እንደተቆረጠ ማሽኑ ይቆማል፣ ትናደዳላችሁ፣ ትደውላላችሁ፣ ይጠገናል። ኤንኦ ከሆነ ማሽኑ እየሰራ ይቀጥላል፣ ስቶፑ መሞቱን ምታውቁት ማቆም የፈለጋችሁ ጊዜ ነው። ፒኤልሲ (ማሽኑን በፕሮግራም ሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይም ቢሆን ስቶፑን በኤንሲ ነው ማስገባት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ክፍት ኮንታክት አድርጋችሁ ትስሉታላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ጭንቅላት ያዞራል ግን ይለመዳል።

ከሁሉም በላይ ሚያናድደኝ ነገር ግን ኢመርጀንሲ ነው። እንጉዳይ ጭንቅላት ያለው ቀዩ ትልቁ። ሱቅ ሄዳችሁ ኢመርጀንሲ ስትሉ ሁለት አይነት አለ፣ አንዱ ስትመቱት ገብቶ ይቀርና አዙራችሁ ነው ምታወጡት፣ ሌላው እንጉዳይ ብቻ ነው፣ ሞመንታሪ፣ ስትለቁት ተመልሶ ይወጣል። ከሩቅ አንድ ናቸው። ኢመርጀንሲ መሆን ሚችለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ አይኤስኦ 13850 ሚባለው ስታንዳርድ ገብቶ እንዲቀር ይላል፣ ከኋላው ቢጫ እንዲሆን ይላል፣ ደግሞ አዙራችሁ ስታወጡት ማሽኑ በዛው እንዳይነሳ፣ ለብቻው ስታርት መጫን አለበት ይላል። ጎኑ ላይ ክብ ውስጥ ያለች ቀስት ካያችሁ ጥሩ ነው፣ ኮንታክቱ ቢጣበቅ እንኳ የጣታችሁ ጉልበት በግድ ይለየዋል ማለት ነው፣ በሞላ ብቻ አይደለም ሚከፈተው።

እሱም ሆኖ አንድ ጉድ አለው። 22ቱ በተኖች ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ኮንታክት ብሎኩ ለብቻ ናቸው፣ ከላሜራው ኋላ ነው ሚጋጠሙት። ብሎኬት ማሽን እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃላችሁ። ርካሹ በተን ላይ ማያያዣዋ ፕላስቲክ ትሰነጠቅና ብሎኩ ወልቆ በዋየሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኤንሲ ስለሆነ እንደተዘጋ ነው፣ ማሽኑ ይሰራል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፣ ኢመርጀንሲውን ስትመቱት ጭንቅላቱ ጠቅ ይላል፣ ገብቶ ይቀራል፣ ማሽኑ ግን አልሰማም። ከፊት ለፊት ሆናችሁ በፍጹም አታውቁትም። ይሄን አስበው ብሎኩ ከጭንቅላቱ ሲለይ ራሱ መስመሩን ሚቆርጥ አይነት ኮንታክት ሚሸጡ ካምፓኒዎች አሉ፣ ውድ ነው፣ ሰው እጁን ሚከትበት ማሽን ላይ ግን እኔ እሱን ነው ምጠይቀው። ካልተገኘ ብረት ማያያዣ ያለውን ግዙ፣ ፓናሉን በከፈታችሁ ቁጥርም ብሎኮቹን አንዴ በእጅ ነቅነቅ።

ገበያው ላይ እንግዲህ አረንጓዴ ኤንኦ ኤክስቢ2 ቢኤ31፣ ቀይ ኤንሲ ኤክስቢ2 ቢኤ42 ስትሉ ሁሉም ሱቅ ይገባዋል፣ የድሮ የቴሌሜካኒክ ቁጥር ነው፣ ቻይናዎቹ ሁሉ እሱን ነው ሚቀዱት፣ ቺንትም የራሱን ኤንፒ2 ቢኤ31 ይለዋል። የሽናይደር አዲሱ ኤክስቢ4 ብረት ነው፣ ኤክስቢ5 ፕላስቲክ። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ዕቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። እኔ ሱቅ ውስጥ ብሎኩን አገላብጬ ነው ማየው፣ ትንሽ ማግኔት ኪሴ ውስጥ አለች፣ ዋየር ሚታሰርበትን ሳህን እነካዋለሁ፣ ብሎኑ ቢስብ ምንም አይደል ብረት ነው፣ ሳህኑ ከሳበ ግን ናስ ሚመስል ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ እመልሰዋለሁ። ከዛ በጣቴ ቀስ አድርጌ እጫናለሁ፣ ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፣ ከጠርዙ ብጫነውም። ባለሱቁ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

10 አምፔር ተብሎ ስለተጻፈበትም አትሸወዱ። ያ ዝም ብሎ ተዘግቶ እያለ ሳይግል ሚሸከመው ነው። ኮይል እያበራ እያጠፋ በ240 ቮልት ሚሰራበት ሲሆን፣ ኤሲ 15 ተብሎ ሚጻፈው፣ ጥሩው ዕቃ ላይ እንኳ 3 አምፔር ነው። ለኮንታክተር ኮይል ከበቂ በላይ ነው፣ ግን 10 ይላል ብሎ ትንሽ የውሃ ፓምፕ በቀጥታ በበተን ያስነሳ ሰው አውቃለሁ፣ ኮንታክቱ ተበየደ፣ በተኑን ቢለቀው ቢጫነው ፓምፑ አልቆመም። በተን ሞተርን አይነካም፣ ለኮንታክተሩ ይነግረዋል፣ በቃ።

በተቃራኒው ደሞ ከረንቱ በጣም ሲያንስም ያስቸግራል። ፒኤልሲ ኢንፑት 24 ቮልት ላይ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው ሚስበው፣ የብር ኮንታክት ላይ ጊዜ ሲቆይ ጥቁር ነገር ይይዛል፣ ኮይል ከሆነ ብልጭታው ያጸዳዋል፣ ፒኤልሲ ከሆነ ግን ሚያጸዳው የለም፣ አንዳንዴ ይሰማል አንዳንዴ አይሰማም። ወርቅ የተቀባ ኮንታክት ያለው ለዚህ ነው ሚሸጠው። በተን ስትጫኑ ደግሞ ኮንታክቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፣ አንዴ ተጭናችሁ ፕሮግራሙ ሁለቴ እንዳይቆጥር ኢንፑቱ ላይ ፊልተር አለ፣ ሲመንስ 1200 ሚባለው ፒኤልሲ ሲመጣ 6.4 ሚሊሰከንድ ላይ ነው ያለው፣ ለበተን ይበቃል፣ ያለ ምክንያት አታሳንሱት።

ሆልዲንግ ሁሉም ቦታ ይግባ እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ህንጻ ስራ ላይ ዕቃ ሚያነሳው ሆይስት፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ላይና ታች በተን ያለው፣ እሱ ላይ ሆልዲንግ የለም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ጣት ሲነሳ ጭነቱ ባለበት ይቁም ነው። "ጣቴን አመመኝ" ተብሎ ተለምኖ ሆልዲንግ የጨመረ ኤሌክትሪሽያን አለ። ስር ሰው ቆሞ! ፕሬስ ላይ ያለው የሁለት እጅ በተንም እንደዛው፣ ሁለቱን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አብሮ ካልተጫኑ አይወርድም፣ ሀሳቡ እጅ ውስጥ እንዳይቀር ነው፣ ሰራተኛው ግን አንዷን በናስትሮ ጠቅልሎ በአንድ እጁ ይሰራል። ጥሩው የሁለት እጅ ሪሌይ ሁለቱም ካልተለቀቁ ሁለተኛ አይነሳም፣ በሁለት ተራ በተን ሲሪስ የተሰራው ግን በናስትሮ ይሸነፋል።

ስለ ቀለም ብዙ ማወራው የለኝም። ቀይ ለስታርት አይሆንም፣ አረንጓዴ ለስቶፕ አይሆንም፣ ሰማያዊ ለሪሴት ነው። ሚገርማችሁ አይኢሲ 60204 ሚባለው የማሽን ኤሌክትሪክ ስታንዳርድ ላይ ለስታርት ቅድሚያ የተሰጠው ነጭ ነው፣ አረንጓዴም ይፈቀዳል፣ እኛ ጋ ነጭ አድርጌ ባስረክብ ግን ደምበኛው "አረንጓዴ ጠፍቶ ነው?" ስለሚለኝ አልሞከርኩትም።

የውሃ ፓምፕ ለምትሰሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፓናሉ ጉድጓዱ ጋ ሆኖ ስታርት ስቶፑ ደግሞ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ቢሮ ውስጥ ይሁን ሲሏችሁ በ220 ኤሲ አትሂዱ። ረጅም ኬብል ውስጥ ጎን ለጎን ሚሄዱት ዋየሮች እንደ ካፓሲተር ይሆናሉ፣ ስቶፑን ተጭናችሁ መስመሩ ተቆርጦ እያለ በኬብሉ ውስጥ አልፋ ምትመጣው ትንሽ ከረንት ትንሽዬን ኮንታክተር ይዛ ልታቆየው ትችላለች፣ ሰውዬው ቢሮው ሆኖ ቀዩን ይጫናል ፓምፑ ግን አይሰማውም። ኤልኢዲ ያለባቸው በተኖች ጠፍተው እያለ ደብዘዝ ብለው ሚበሩትም ከዚሁ ነው። በተኖቹን 24 ቮልት ዲሲ አድርጉና ፓናሉ ውስጥ ትንሽ ሪሌይ ኮንታክተሩን ያብራ፣ ጎርፍ ኬብሉን ቢነካው ወይም ልጅ ቢነካውም 24 ነው፣ እንቅልፍ ትተኛላችሁ።

እኔ ፓናል ሳስረክብ አንድ አረንጓዴ ብሎክና አንድ ቀይ ብሎክ በፌስታል አድርጌ በሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ በናስትሮ እለጥፋለሁ፣ ዋጋው እዚህ ግባ ሚባል አይደለም፣ ሂሳቡ ውስጥ ለብቻ አልጽፈውም እንኳ። ሌላ ጊዜ ስመለስ ብዙውን ጊዜ ፌስታሉ ባዶ ነው፣ ብሎኮቹን ጎረቤት ያለው እንጨት ቤት ማሽን ላይ ተገጥመው አገኛቸዋለሁ። ይሁን። እሱም ቤት ክብሪት ከሚሰነቅሩበት ይሻላል፣ ሌላ ሁለት ለጥፌ እሄዳለሁ።